የመንገድ ብድር በማን ኪስ ይከፈላል? እርሻቸውን አስይዘው ድልድይ ያሠሩ ሰዎች

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ የዋጋ ሰንጠረዥ የለንም፣ እንደለመድነው ትምህርት ነው።

ስለ ጭነት ዋጋ ስንጽፍ ከዩኒየን ሰዎች በኩል የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «መንገድ በብድር ሲሠራ ዕዳው መጨረሻ ላይ ገበሬው ላይ አይደለም ወይ የሚያርፈው?» በአዎ ወይ በአይደለም አይመለስም። አንድ በደንብ የሚታወቅ ታሪክ ይዘን እንየው።

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ለመንገድና ለድልድይ ትልቅ ብድር ከመወሰዱ በፊት ሕዝቡ በድምፅ ይጠየቃል። ብድሩ በቦንድ መልክ ነው። ቦንድ ያው የዕዳ ወረቀት ነው፤ ገዢው ዛሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ በየጊዜው ወለድ ይቀበላል፣ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ይወስዳል።

ታሪኩ የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1930፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በጀመረ በዓመቱ፣ ሕዝቡ ለ35 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ድምፅ ሰጠ። ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። 145,057 ሰው ደገፈ፣ 46,954 ተቃወመ።

ዋናው ነገር መያዣው ላይ ነው። ዕዳው እንዲከፈል የታሰበው ከመኪና ከሚሰበሰበው የመሻገሪያ ክፍያ ነበር። ክፍያው ባይበቃስ? ያኔ ጉድለቱ በአካባቢው ሰው ቤት፣ እርሻና ድርጅት ላይ በግብር መልክ ይጣላል። በዚያን ጊዜ በእንቁላል ምርት ስሟ የገነነው ፔታሉማ ከተማ ያለችው በዚሁ የድልድይ ወረዳ ውስጥ በሶኖማ ነው። እዚያ ያለ ዶሮ አርቢ «አዎ» ሲል ግቢውን አስይዞ ነው። ከሜንዶሲኖ ደግሞ የገባው ከፊሉ ብቻ ነው። ከድልድዩ በራቅክ ቁጥር ጥቅሙ ይሳሳል፣ መያዣው ግን ያው ነው፤ ሰው ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ከተቃዋሚዎቹ ትልቁ መኪና በጀልባ የሚያሻግረው ኩባንያ ነበር። ለምን እንደተቃወመ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ድምፁ ካለፈም በኋላ ገንዘቡ ወዲያው አልመጣም። ፍርድ ቤት ነበር፣ ገበያውም ቀዝቅዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 የባንክ ኦፍ አሜሪካው ጂያኒኒ ባንኩ ቦንዱን እንዲገዛ ተስማማ፣ በ1933 መጀመሪያ ሥራው ተጀመረ፣ በሜይ 1937 ድልድዩ ተከፈተ። የመጨረሻው ቦንድ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። 35 ሚሊዮን ዋና፣ ወደ 39 ሚሊዮን የሚጠጋ ወለድ፣ ሁሉም ከመሻገሪያ ክፍያ ተከፈለ። የፔታሉማው ሰውዬ ግቢ ሳይነካ ቀረ ማለት ነው።

ወለዱ ከዋናው በለጠ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ የአሜሪካ የዕቃ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ወለዱ ግን በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ነው የቀረው። ተበዳሪው በርካሽ ዶላር ነው የከፈለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕዳውም ገቢውም በአንድ ገንዘብ ነበር፣ በዶላር።

እኛ ጋ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር የመንገድ ብድር ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም፣ የውጭ ብድር ስምምነት የሚጸድቀው በተወካዮች ምክር ቤት ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድን ውሰዱ፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው፣ ሾፌሩ በር ላይ የሚከፍለው ግን ብር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዶላር ያለ ዕዳ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ላኪው በዚያው ቀን በተመሳሳይ ዶላር ብዙ ብር አገኘ፣ በብር የሚሰበሰብ የመንገድ ክፍያ ግን በራሱ አላደገም። ብድር ሲሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ነው?» ሳይሆን «በምን ገንዘብ ነው?» ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ኩንታሉ። የቡና ወይ የሰሊጥ ዋጋ የሚቆረጠው ውጭ ነው። ከዚያ ላይ የጭነት፣ የመጋዘን፣ የደላላና የነጋዴ ድርሻ ይቀነሳል፣ የተረፈው የገበሬው ነው። ለምሳሌ ያህል አዲስ መንገድ ከኩንታል ላይ 100 ብር ጭነት ቢያስቀር፣ ያ 100 ብር የት ይሄዳል? ቀበሌው ላይ አራት አምስት ገዢ ከተሻማ፣ አብዛኛው ወደ ገበሬው ይወርዳል። አንድ ገዢ ብቻ ካለ እዚያው ገዢው ኪስ ይቀራል፣ ወይም መኪናው ጥቂት ከሆነ ባለ መኪናው ይይዘዋል። ዕዳው ግን ለማን ጠቀመ ብሎ አይመርጥም፤ በነዳጅ ላይ በሚጣል ክፍያም ይሁን በግብር፣ ከሁሉም ላይ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ለጠየቃችሁን፦ ገበሬው ዕዳውን መክፈሉ አይቀርም፤ ጥቅሙን ማግኘቱ ግን በሰፈሩ ስንት ገዢ እንዳለ ነው የሚወሰነው። ዩኒየኑ ራሱ ጭኖ መውጣት ከቻለ ያ 100 ብር ቢያንስ በድርድር ላይ ይመጣል።

በየአካባቢያችሁ ከመጋዘን እስከ ጅቡቲ በኩንታል ስንት እየከፈላችሁ እንደሆነ በውስጥ መስመር ላኩልን። ስም አንጠቅስም፤ በመስመር በመስመር አድርገን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እናወጣዋለን።