በደጋ አጋዘን አደን የማነጣጠሪያ መነጽር ምርጫና አያያዝ፦ የስሕተት ምንጮች ንጽጽር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በፈቃድ በሚካሄድ የደጋ አጋዘን አደን ጥይትን ከታለመለት ቦታ የሚያስቱ ምክንያቶችን በስሌት ያነጻጽራል። በከፍተኛ ቦታዎች ለሚፈጠር ስሕተት ብዙ ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው የአየሩ መሳሳት ነው። ስሌቱ የሚያሳየው ግን በ200 ሜትር ርቀት የአየሩ ተጽዕኖ አነስተኛ መሆኑን፣ በአንጻሩ የመነጽሩ መያዣ ጥቂት መናጋት እንስሳውን አቁስሎ ለማስመለጥ የሚበቃ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከአጉሊነት መጠን ይልቅ የመያዣው ጽናትና ከአደን በፊት የሚደረግ የሙከራ ተኩስ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

1. መግቢያ

የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ ነው። ለሳይንስ ዓለም የታወቀው ዘግይቶ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው አዳኝ አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ባገኘው ናሙና መነሻነት ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ሳይንሳዊ መግለጫውን አወጣለት። ዛሬ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መካከል ይመደባል። ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውጭ እንደ ሙኔሳና ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን አካባቢዎች፣ ለተወሰኑ ወንድ እንስሳት በኮታ የአደን ፈቃድ ሲሰጥ ቆይቷል።

የኮታ አሠራር የሚቆመው የሚገደለው እንስሳ ይቆጠራል በሚል መሠረት ላይ ነው። ቆስሎ ወደ አስታውና ወደ ጥዱ ጫካ ገብቶ የጠፋ አጋዘን ግን ይህን ሒሳብ ያፋልሳል፤ ይሙት ይዳን ሳይታወቅ ሌላ እንስሳ በምትኩ ከተገደለ፣ በወረቀት ላይ አንድ የሆነው በጫካው ውስጥ ሁለት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነ ዝርያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የማነጣጠሪያ መሣሪያ ምርጫና አያያዝም በዚህ ምክንያት ከአዳኙ የግል ጉዳይነት አልፎ የዱር እንስሳት አስተዳደር ጥያቄ ይሆናል።

2. የምርጫ መመዘኛ፦ ዓይን፣ ብርሃንና ርቀት

በብረት ማነጣጠሪያ የሚተኩስ ሰው ሦስት ነገሮችን ማለትም የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊተኛውንና ዒላማውን በአንድ መስመር ማዋል አለበት። የሰው ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው በአንድ ርቀት ላይ ያለን ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ቢያንስ ሁለቱ ይደበዝዛሉ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ዓይን በ0.3 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ጥይቱ በ200 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የማነጣጠሪያ መነጽር ዋነኛ ጥቅም የመስቀለኛውን መስመርና የዒላማውን ምስል በአንድ የጥራት ደረጃ ማሳየቱ ነው፤ ማጉላቱ ሁለተኛ ጥቅም ነው።

አጉሊነት በጨመረ ቁጥር መነጽሩ የተሻለ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ በደጋ አጋዘን አደን አይጸናም። እንስሳው በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በአጉሊነቱ መጠን በማካፈል ነው። ባለ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ6 እጥፍ ሲያጎላ ክቡ 7 ሚሊ ሜትር፣ በ12 እጥፍ ሲያጎላ ግን 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በድንግዝግዝ የሰው የዓይን ብሌን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊከፈት ስለሚችል፣ በከፍተኛ አጉሊነት ምስሉ ይጨልማል። ከዚህም ሌላ የእይታው መስክ ይጠባል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ጎልቶ ይታያል። ስለሆነም አጉሊነቱን ዝቅ ማድረግ የሚያስችል መነጽር ለዚህ አካባቢ ይበልጥ ተስማሚ ነው።

የሌንስ ሽፋንም ከምርጫው መመዘኛዎች አንዱ ነው። ሽፋን የሌለው የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ 10 ገጾች ባሉት መነጽር ውስጥ ከመስታወቱ የሚያልፈው 66 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ገጽ ነጸብራቅ ወደ 0.5 በመቶ ሲወርድ ግን የሚያልፈው ብርሃን ወደ 95 በመቶ ያድጋል። በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በዛይስ ኩባንያ ያዳበረው ነጸብራቅን የሚቀንስ የሌንስ ሽፋን ለዚህ ዕድገት መሠረት ጥሏል።

3. የስሕተት ምንጮች በቁጥር

ለንጽጽሩ የተኩስ ርቀት 200 ሜትር፣ ልብና ሳንባ ያረፉበት የዒላማ ክብ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ተወስዷል። በዚህ መሠረት ከመሐል ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የራቀ ጥይት አቁሳይ ሊሆን ይችላል። ጠመንጃው በባሕር ወለል አካባቢ በ200 ሜትር ዒላማ ላይ የተስተካከለ፣ የአረሩ መነሻ ፍጥነትም በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ነው ተብሎ ታስቧል።

ከፍታ። በባሕር ወለል መደበኛው የአየር እፍግታ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታና በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ወደ 0.86 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ይኸውም በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱ ነው። አየሩ ሲሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ይዞ ስለሚቆይ ከተለመደው ከፍ ብሎ ይመታል። ለተለመደ ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር የአደን አረር ይህ ልዩነት በ200 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ተዳፋት። የመሬት ስበት የአረሩን ጉዞ የሚያጎብጠው በአግድሙ ርቀት ልክ ነው። በ30 ዲግሪ ሽቅብ ወይም ቁልቁል የተተኮሰ የ200 ሜትር ተኩስ አግድም ርቀቱ 173 ሜትር ነው። ይህን ያላሰበ ተኳሽ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይመታል።

ፓራላክስ። ዓይን ከመነጽሩ መሐል ፈቀቅ ሲል መስቀለኛው መስመር በዒላማው ላይ የሚንቀሳቀስ መስሎ ይታያል። መነጽሩ ለ100 ሜትር የተስተካከለ፣ የፊት ሌንሱም 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በ200 ሜትር የሚፈጠረው ከፍተኛው ስሕተት 2 ሴንቲ ሜትር ነው።

መያዣ። መነጽሩን የሚያቅፉት ሁለት ቀለበቶች በ12 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ እንበል። አንደኛው ብሎኑ ላልቶ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነሳ፣ ማለትም ከወፍራም የራስ ፀጉር ባልበለጠ መጠን ቢንቀሳቀስ፣ የእይታው መስመር ይዛነፍና ጥይቱ በ200 ሜትር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል።

ከአራቱ ምንጮች ብቻውን ከዒላማው ክብ የሚያስወጣው የመጨረሻው ነው። የቀሩት ሦስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢደመሩ እንኳ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ይህም የተኳሹን መጠባበቂያ ይበላል እንጂ ለብቻው ከክቡ አያወጣም። በተጨማሪም ከፍታ፣ ተዳፋትና ፓራላክስ አስቀድመው ሊሰሉ የሚችሉ ናቸው። የመያዣው መናጋት ግን ካልተፈተነ አይታወቅም፤ በአውሮፕላን ጭነት፣ በተሽከርካሪ ንዝረትና በተኩስ ግፊት ሳቢያ በየትኛውም ጊዜ ሊደርስ ይችላል።

4. አያያዝና እንክብካቤ

ማንኛውም የእንክብካቤ ሥራ የሚጀምረው ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን በማረጋገጥ ነው። መያዣው ሲገጠም የብሎኖቹና የማረፊያው ገጽ ከቅባት ይጸዳል፤ ብሎኖቹም የማጥበቅ ኃይልን በሚለካ መፍቻ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ። ከልክ በላይ ማጥበቅ የመነጽሩን ቱቦ ስለሚያጎድጉድ እንደ መላላቱ ሁሉ ጎጂ ነው። በብሎኑ ራስና በቀለበቱ ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ቢሰመር፣ የብሎኑ መዞር ያለ መሣሪያ በዓይን ይለያል።

የደጋው እርጥበትና ብርድ የራሱ ችግር አለው። ከብርድ ወደ ሞቀ ድንኳን የገባ መነጽር ላዩ ላይ ጤዛ ያዝላል፤ በሽፋኑ እንዳለ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ማድረግ ይህን ይቀንሳል። ጉሙ በውስጠኛው ገጽ ላይ ከታየ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። መነጽሮች እርጥበት በሌለው ናይትሮጅን ወይም አርጎን ጋዝ ይሞላሉ። በ3,000 ሜትር የውጩ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ ያረጀ ማሸጊያ ጋዙን ያስወጣል፤ ወደ ቆላ ሲወረድም እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለው መነጽር በመወልወል አይድንም፤ ለጥገና መላክ አለበት።

ሌንስ ሲጸዳ አቧራው በቅድሚያ በአየር ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በሌንስ ፈሳሽ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። አቧራ ያለበትን ሌንስ በደረቅ ጨርቅ ወይም በልብስ ጫፍ ማሸት ብርሃን አስተላላፊውን ሽፋን ይፍቃል።

5. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ንጽጽር በተወሰኑ ግምቶች ላይ የቆመ ስሌት በመሆኑ አረሩና ርቀቱ ሲለወጡ ቁጥሮቹም ይለወጣሉ። የንጽጽሩ ቅደም ተከተል ግን በተለመደው የአደን ርቀት ግልጽ ነው፦ የመያዣው ጽናት ከአየሩ መሳሳት ይቀድማል። ከዚህ የሚመነጨው ተግባራዊ ሐሳብ ቀላል ነው። አዳኙ ወደ ሰፈሩ ከደረሰ በኋላ፣ አደኑ ከመጀመሩ በፊት፣ በወረቀት ዒላማ ላይ ቢያንስ ሦስት ጥይት በመተኮስ የጥይቶቹን መሐል እንዲያረጋግጥና ጠመንጃው በወደቀ ቁጥርም ሙከራውን እንዲደግም ማድረግ ይገባል። ሙከራው የከፍታውን ልዩነትም ጨምሮ ስለሚያርም በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። የሙከራው ውጤትና እያንዳንዱ የማቁሰል አጋጣሚ ከነርቀቱ ቢመዘገቡ ደግሞ በስሌት የተገመተው በመስክ መረጃ ሊፈተን፣ ኮታውም በጫካው ውስጥ ለሚሆነው ይበልጥ የቀረበ ሊሆን ይችላል።