ለባሕር ዳር ቤተ ሰብ የሚበቃ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ መጠን

የጣና ባሕር በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሰፋ ነው። የውሃው ስፋት 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ነው፤ በጥልቁ ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የአገሩ ሰው ሐይቅ ከማለት ይልቅ ባሕር ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉን ያየ ሰው ስሙ እንደሚገባው ያውቃል። በዳርቻው ዓሣ በማስገር የሚኖር ቤተ ሰብ ለጀልባ መግዣ ብድር ወይም ዋስትና ሊለምን በመጣ ጊዜ፤ ሹም የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው ነው። ይሁን እንጂ ዋጋውንም፤ ዕዳውንም፤ የሰዎቹንም ደኅንነት የሚወስነው የጀልባው መጠን ስለ ሆነ፤ ከዋጋው በፊት መጠኑን መመርመር ይገባል።

ከጥንት ጀምሮ በዚህ ባሕር ላይ የኖረው መርከብ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። ይህን በማበጀት ይልቁንም የነገደ ወይጦ ሰዎች የታወቁ ናቸው። ታንኳ እንደ ጀልባ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚንሳፈፍ አይደለም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ማዕበል ቢገባበት እንደ ጀልባ ሞልቶ አይሰጥምም። ጉድለቱ ግን ውሃ መጠጣቱ ነው፤ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል፤ ቢጠብቁትም ከጥቂት ወራት ወይም ከአንድ ዓመት የበለጠ አይቆይም። ከዚህም በላይ የባሕሩ ዳር እየታረሰና ደንገሉ እየታጨደ ስለ ሄደ፤ ታንኳ ማበጃው እንደ ቀድሞው በቅርብ አይገኝም። ሆኖም በታንኳ የሚያስገር ሰው ቢከስርም ብዙ አይከስርም፤ ዕዳም አይጠብቀውም። ትልቅ ጀልባ የሚመኝ ሁሉ ይህን ሳያስብ ታንኳን መናቅ የለበትም።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከሆላንድ አገር የመጣ የርዳታ ማኅበር በአንድነት ሆነው፤ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችንና የናይለን መረብ ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች አስገቡ። ቀድሞ በዳርቻው ብቻ የነበረው ማስገር ከዚያ ወዲህ ወደ ባሕሩ መካከልና እስከ ሩቆቹ ወንዞች አፍ ደረሰ። ከተሞች ዓሣ አገኙ፤ ብዙ ሰውም እንጀራ አገኘበት። ነገር ግን ለማኅበር የሚስማማው ጀልባ ለአንድ ቤተ ሰብ ይስማማል ማለት አይደለም፤ አባትና ሁለት ልጆች የማኅበር ጀልባ ቢገዙ ጀልባውን አይገዙትም፤ ጀልባው እነርሱን ይገዛቸዋል።

መጠኑ የሚታወቀው በምኞት ሳይሆን በሒሳብ ነው። አንድ ጀልባ የሚሸከመው ክብደት ገፍቶ ከሚያወጣው ውሃ ክብደት ጋራ ትክክል ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የሐይቅ ውሃም 1000 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ጀልባ ይኑር፤ በውሃው ልክ ሲለካ 5 ሜትር ከግማሽ ርዝመትና 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፤ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰጥም ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ሲባዙ 1 ሜትር ኩብ ከ32 በመቶ ይሆናሉ። ጀልባው ግን እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ሳይሆን ጫፉ የሾለ ጎኑም የጎበጠ ስለ ሆነ ግማሹን ብቻ መቁጠር ይገባል፤ ይኸውም 660 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ የጀልባው የራሱ ክብደት 250 ኪሎ ቢነሣ 410 ይቀራል። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 195 ኪሎ፤ የራሰ መረብ፤ መልሕቅና መቅዘፊያ 65 ኪሎ፤ የቀረው 150 ኪሎ ለዓሣው ነው። ሦስት ሰዎች ማታ የዘረጉትን መረብ ጧት በእጃቸው ስበው ከዚህ የሚበልጥ ዓሣ የሚያወጡበት ቀን ጥቂት ነው። ሞተር የሚጨመርበት እንደ ሆነ ክብደቱ ከነነዳጁ ከዓሣው ድርሻ ላይ ይነሣል።

አሁን ባለቤቱ ‹‹ርዝመቱ 9 ሜትር ይሁንልኝ›› ቢል የጨመረው ግማሽ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ርዝመቱ በግማሽ ሲጨምር ስፋቱም ጥልቀቱም በዚያው ልክ ስለሚጨምሩ፤ ጠቅላላው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 250 ኪሎ የነበረው ጀልባ ከ840 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንጨቱ፤ ምስማሩና የሠራተኛው ድካም ከዚህ ጋራ ያድጋሉ፤ የቤተ ሰቡ እጅ ግን ያው ስድስት እንደ ሆነ ይቀራል። በፍጥነት የሚያተርፈውም ጥቂት ነው። ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ከባድ ጀልባ ርዝመቱ ከሚፈቅድለት ፍጥነት አያልፍም፤ የ6 ሜትሩ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ቢሄድ፤ የ9 ሜትሩ 13 ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለማስኬድ ኃይለኛ ሞተር የሚያስገባ ሰው ነዳጁን ያቃጥላል እንጂ መንገዱን አያሳጥርም።

በሌላ ወገን ደግሞ እጅግ ትንሽ ጀልባ የሰው ሕይወት ያጠፋል። የጣና ውሃ ጥልቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ረጅም ማዕበል ጀልባውን ከፍ ዝቅ አያደርገውም፤ በጎኑ ይመታዋል እንጂ። ስለዚህ ጀልባው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ከውሃው በላይ የሚቀረው ጎኑ ከአንድ ክንድ ማነስ የለበትም። መረብ የሚስቡ ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን ስለሚያዘነብሉ፤ ስፋቱን አጥብቦ ርዝመቱን ብቻ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። በፎገራና በደንቢያ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ሲሆን፤ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ወርሮታል፤ በዚያ ወገን ለሚኖር ሰው ሆዱ ዝርግ የሆነ፤ ጥቂት የሚሰጥም፤ ሞተር ቢኖረውም ከውሃ የሚነሣና በመቅዘፊያ የሚረዳ ጀልባ ይሻለዋል። አረሙ የሞተሩን ጥርስ በጠመጠመው ጊዜ መቅዘፊያ የሌለው ሰው በዚያው ያድራል። ጀልባው ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ ካልተጠበቀ ማዕበል ከድንጋይ ጋራ ያጋጨዋል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል፤ ስለዚህ የቤቱ ሰዎች በድቡልቡል እንጨት ላይ እያንከባለሉ ሊያወጡት የማይችሉት ጀልባ ለቤቱ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ግን ዕዳው ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ዋጋ ከፍ ስለሚል፤ ጀልባ ሻጭም ገዥም በዚያ ወራት ዋጋ ያሰላሉ። ብድሩ ግን የሚከፈለው በዓመቱ ሁሉ ነው። የዕዳው ቀን ደርሶ ገንዘብ ያጣ ባለ ትልቅ ጀልባ፤ ነዳጅ ከፍሎ ብዙ ዓሣ በአንድ ቀን የሚያገኝበትን ስፍራ ይፈልጋል፤ ያም ስፍራ የጉማራ፤ የርብ፤ የመገጭና የግልገል ዓባይ አፍ ነው። ሊቃውንት ላቢዮባርበስ የሚሉት የዓሣ ወገን፤ በጣና ካሉት ዓይነቶቹ አብዛኛዎቹ በሌላ ስፍራ የማይገኙ፤ በክረምትና በክረምት መውጫ ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ እነዚህ ወንዞች ይሰበሰባል። በዚያ ጊዜ መረብ መዘርጋት የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ከነዘሩ ማውጣት ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዘመን ይህ የዓሣ ወገን ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በምርመራ ታውቋል። በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በሕግ ተደንግጓል፤ ሆኖም በወንዙ አፍ ዘበኛ ከማቆም አስቀድሞ ሰውን ወደዚያ የሚነዳውን ዕዳ በብድሩ ቀን ማሳነስ ለሹሙ የቀለለ ሥራ ነው። ብድሩ የሚመዘነው ገበያው ደካማ በሆነበት ወር በሚገኘው ገንዘብ እንጂ በጾሙ ገበያ ሊሆን አይገባም።

ጀልባውን ከሠሪው ከመረከብ በፊት ፈተናው ቀላል ነው። ነፋስ በሌለበት ጧት ጀልባውን ወደ ውሃ አውርዶ፤ የሰዎቹን፤ የመረቡንና የዓሣውን ክብደት የሚያህል አሸዋ በጆንያ እየመዘኑ መጫን፤ ሁለት ሰዎችም መረብ እንደሚስቡ ሆነው በአንድ ጎን እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ውሃው ከከንፈሩ ሳይቀርብ ጀልባው ከጸና፤ ሰዎቹ ወደ መካከል ተመልሰው ውሃው የደረሰበትን ልክ በግራና በቀኝ፤ በፊትና በኋላ ምልክት አድርጎ በቀይ ቀለም ማስመር ይገባል። ይህም መስመር በብድሩ ወረቀት ላይ በሳንቲ ሜትር ተለክቶ ይጻፍ። ቀለሙ በየዓመቱ ጀልባው በሚጠገንበት ጊዜ ይታደሳል፤ መስመሩ ከውሃ በታች ሆኖ የተገኘ ጀልባም ጭነቱ እስኪቀነስ ድረስ ከዳርቻው አይነሣም።