የሉዊን መስፍንና የቆጵሮስ ፊደል

የጥንታዊ ቅርስ ጥናት ታሪክ ሲጻፍ ባለጸጎች መሳፍንት በመግቢያው ላይ ተመስግነው፣ ከዋናው ምዕራፍ ሳይደርሱ ይታለፋሉ። የሉዊን መስፍን ኦኖሬ ዳልቤር (1802–1867 እ.ኤ.አ.) ግን ገንዘብ ከፋይ ብቻ አልነበረም። በደቡብ ኢጣልያ ስለሚገኘው የሜታፖንቶን ፍርስራሽ በ1833 መጽሐፍ አሳትሟል፤ በ1855 በሲዶና አጠገብ የተገኘውን የንጉሥ ኤሽሙናዛርን የድንጋይ ሣጥን ገዝቶ ለሉቭር ሙዚየም ከመስጠቱም በላይ በላዩ ስለተቀረጸው የፊንቄ ጽሑፍ ጥናት አቅርቧል። የምሁርነቱ መመዘኛ ሊሆን የሚገባው ግን በ1852 ያሳተመው፣ በቆጵሮስ ሳንቲሞችና ጽሑፎች ላይ ያተኮረው ሥራው ነው።

በዚህ ሥራ መስፍኑ የተበታተኑትን ጽሑፎች በአንድነት ሰብስቦ፣ ምልክቶቹ ራሱን የቻለ የቆጵሮስ ፊደል መሆናቸውን አሳየ። ከጽሑፎቹ ረጅሙ በኢዳልዮን የተገኘው፣ በሁለቱም ገጹ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ ነበር። በሰሌዳው ደጋግሞ የሚመጣውን አንድ ቃል መስፍኑ «ሰላሚስ» ብሎ አነበበው፤ ይህችውም በደሴቲቱ ስመ ጥር የነበረችው ከተማ ናት። ንባቡ ስሕተት ነበር። በእኔ ግምት ስሕተቱ የሳንቲም አጥኚ ስሕተት ነው፤ በሳንቲም ላይ የከተማ ስም መጠበቅ የተለመደ ነውና።

ቃሉ የተፈታው መስፍኑ በሮም ካረፈ በኋላ ነው። ሮበርት ሃሚልተን ላንግ በ1869 በኢዳልዮን በፊንቄና በቆጵሮስ ፊደል ጎን ለጎን የተጻፈ ድንጋይ አገኘ። በፊንቄው በኩል «ንጉሥ» የሚለው ቃል ም-ል-ክ ተብሎ ተጽፏል፤ የግእዙ «መለከ» እና «አምላክ» የወጡበት ሥር ነው። ጆርጅ ስሚዝ በ1871 ይህን ቃል በቆጵሮሱ በኩል ፈልጎ ሲያገኝ «ሰላሚስ» የተባለው «ንጉሥ» ሆነ፤ ቋንቋውም ግሪክኛ መሆኑ ተገለጠ። ፊደሉ እንደ እኛው በቀለም የሚጻፍ ቢሆንም፣ በ«ፓ» እና በ«ፔ» መካከል የቅርጽ ዝምድና የለውም፤ «በ»ንና «ፐ»ንም በአንድ ምልክት ይጽፋል። ስለዚህ «ባሲሌውስ» በውስጡ ተሸሽጎ መቆየቱ አያስገርምም።

እዚህ ላይ መስፍኑን በንባቡ ብቻ መዳኘት ተገቢ አይመስለኝም። ንባቡን ያረሙት ሰዎች ጽሑፎቹን ተሰብስበውና ታትመው ያገኙት በእርሱ ድካም ነው። ሰሌዳውንም በግል አዳራሹ አላስቀረውም፤ በ1862 ከሌላው ስብስቡ ጋር በፓሪስ ለሚገኘው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት የሜዳሊያ ክፍል ሰጠው። በግል እጅ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሌሎች ንባቡን ከዋናው ጋር ሊያመሳክሩ አይችሉም ነበር።

ሰሌዳው ሲነበብ የተገኘበት ጉዳይ መስፍኑ ከገመተው እጅግ የራቀ ነው። የፋርስና የኪቲዮን ጦር ኢዳልዮንን ከብቦ በነበረበት ወቅት ንጉሥ ስታሲኪፕሮስና ከተማይቱ፣ ሐኪሙ ኦናሲሎስና ወንድሞቹ ቁስለኞችን ያለ ክፍያ እንዲያክሙ ማዘዛቸውን፣ በምትኩም በብር ፋንታ መሬት ለመስጠት መስማማታቸውን የሚገልጽ ውል ነው።