ለኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚሆን የማንሻ መቆሚያ አመራረጥ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ንግድ በአገራችን እየሰፋ ሄዷል። ከነዚህም መካከል የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ዋጋው ከአውቶሞቢል ያነሰ፥ ባትሪውም በቤት ሶኬት የሚሞላ በመሆኑ፥ ለዕቃ አድራሹና ለአነስተኛው ነጋዴ የሚስማማ መሣሪያ ነው። ሞተሩ ዘይት መለወጥም ሆነ ካንዴላ ማጽዳት አያሻውም። የሚቀረውን ሥራ፥ ይኸውም የጎማን፥ የፍሬንንና የኩሽኔታን ምርመራ፥ ባለንብረቱ በገዛ ግቢው ሊፈጽመው ይችላል። ለዚህ ግን ጎማውን ከመሬት የሚያነሣ አስተማማኝ መቆሚያ ያስፈልገዋል። ድንጋይ ደርድሮ ወይም ሣጥን ደግፎ መሥራት ለሰውም ለንብረትም ጠንቅ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ጉዳዩ የበለጠ ያስባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር፥ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ በሐረጎ በኩል የሚወርደው ተሽከርካሪ ከ600 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይለቃል። ለምሳሌ 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሳይክል 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይዞ 600 ሜትር ቢወርድ፥ የሚለቀቀው ኀይል ከ0.3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህም ከ3 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ኀይል ከፊሉን ነፋስና የጎማ ፍትጊያ ይወስዱታል፤ የተረፈው በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። አንዳንዱ ሞተር በቁልቁለት ኀይልን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ነገር ግን ባትሪው ደሴ ላይ ጢም ብሎ ተሞልቶ ከተነሣ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው፥ ሸክሙ ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው የፍሬን ሸራውን ቶሎ ቶሎ ማየት ግዴታው ነው። መቆሚያ መግዛትም ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

የመቆሚያ ዓይነቶች

አንደኛው ከፋብሪካው ጋራ የሚመጣው የመካከል መቆሚያ ነው። ይህ ካለ የኋላውን ጎማ ለማሽከርከርና ፍሬኑን ለመመርመር ይበቃልና፥ ገዢው ሌላ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በሞተር ሳይክሉ ላይ መኖሩን ይመልከት።

ሁለተኛው የኋላውን ሹካ ከግራና ከቀኝ ይዞ በእጀታው ሲጫኑት የሚያነሣው ነው። አሠራሩ እንደ ጋሻ ፍንቅል እንጨት ነው፤ ከመቆሚያው መንኰራኵር እስከ መያዣው 10 ሳንቲ ሜትር፥ እስከ እጀታው ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በኋላው ጎማ ላይ ያረፈውን 70 ኪሎ 12 ኪሎ ያህል በሚሆን ግፊት ማንሣት ይቻላል። ለቤት ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ ያለው በኋላው ጎማ ውስጥ ስለሆነ፥ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በጎማው ዘንግ በኩል ይወጣል። የመቆሚያው መያዣ ሽቦውን ወይም የዘንጉን ዳዶ የሚጫን ከሆነ መግዛት አይገባም። መያዣው ጎማ የለበሰ፥ ስፋቱም የሚስተካከል ይሁን።

ሦስተኛው ከሆዱ ሥር ገብቶ በብሎን የሚያነሣ ክሪክ ነው። ለነዳጅ ሞተር ሳይክል የሚስማማው ይህ መሣሪያ ለኤሌክትሪኩ ጥንቃቄ ይሻል። በብዙዎቹ የባትሪው ሣጥን በዚያው በሆዱ በኩል ነውና። የተጨፈለቀ የሊቲየም ባትሪ በውስጡ ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ክሪኩ የሚያርፍበት የብረት አጥንት በግልጽ የማይታይ ከሆነ ይህን ዓይነት መተው ነው።

አራተኛው ሞተር ሳይክሉን በሙሉ የሚያነሣው ጠረጴዛ ሲሆን፥ ዋጋውና የሚይዘው ቦታ ለጋራዥ እንጂ ለግለሰብ ቤት አይመጥንም።

ከግዢ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ክብደት ሲጠየቅ ባትሪው ጭምር መታሰብ አለበት። መቆሚያው እችላለሁ የሚለው ክብደት ከሞተር ሳይክሉ ሙሉ ክብደት በላይ እንዲሆን ያስፈልጋል። ባትሪው በሚወጣበት ጊዜ ሚዛኑ እንደሚለወጥም መዘንጋት አይገባም፤ ቀድሞ ጸንቶ የቆመው ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ መቆሚያው ላይ ከመውጣቱ አስቀድሞ ይውጣ። የመቆሚያው እግር ሰፊ መሆን አለበት። ቁመቱን በተመለከተ፥ ጎማው ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር መነሣቱ ለምርመራ ይበቃል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ማለት ለመውደቅ ይዳርጋል።

ደሴ ተዳፋት የበዛባት ከተማ ናት። በዘመመ ግቢ ወይም ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ የቆመ መሣሪያ፥ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፥ አይታመንም። ሊሾ ወለል ከሌለ ወፍራም ጣውላ አስተካክሎ አንጥፎ በላዩ ማቆም ነው።

ከማንሣት በፊት የሚፈጸም

የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም። ቁልፉ ክፍት ሆኖ የነዳጅ መስጫው በነበረበት ቦታ ያለው እጀታ ቢነካ፥ የተነሣው ጎማ በድንገት ተሽከርክሮ ጣት ሊቈርጥ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ይነቀል፤ የባትሪው ማቋረጫ ይዘጋ፤ የፊተኛው ጎማ ከፊትና ከኋላ በሽብልቅ ይደገፍ። ከዚህ በኋላ ብቻ ይነሣ።

ለነጋዴውና ለብየዳ ባለሙያው

ይህ ፍላጎት ለሁለቱም ከተሞች የሥራ በር ነው። የኋላ መቆሚያ ከብረት ቧንቧና ከብየዳ በቀር ረቂቅ ዕቃ አይጠይቅም። ባለሙያው የደንበኛውን ሞተር ሳይክል ለክቶ ቢሠራ፥ ከሩቅ ከመጣው ይልቅ የሚገጥም ዕቃ ያወጣል። ከመሸጡ በፊት ግን ይፈትነው፤ መያዣዎቹ ላይ ጣውላ አጋድሞ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ሦስቱን ጭኖ፥ እንዳይገለበጥ ደግፎ፥ ያሳድረው። በማግሥቱ ያልጎበጠና ብየዳው ያልሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ የሚችለውን ክብደት ከፈተናው አሳንሶ በቀለም ይጻፍበት። ሻጩም ለገዢው ክብደቱን፥ የሚይዝበትን ቦታና የሚቆምበትን ወለል ጠይቆ ቢሸጥ፥ ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም፤ ደንበኛውም የሐረጎን ቁልቁለት በተመረመረ ፍሬን ይወርዳል።