ስለ ስኳር በሽታ፥ ስለ ነርቭ መጎዳትና ዩሪክ አሲድ ስለሚባለው ነገር
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች የተጻፈ ትምህርት

፩. የትምህርቱ ምክንያት

በመካነ ሰላም ዙሪያ፥ በቦረና፥ በሳይንት፥ በለጋምቦ፥ በከላላና በወግዲ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው አራሽ ነው። የአራሽም ኑሮው በእግሩ ነው፤ ከበሬው ኋላ የሚሄደው፥ ገበያ የሚወጣው፥ ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚመለሰው በእግሩ ነውና። ስለዚህ እግርን ስሜት አሳጥቶ ለቍስልና ለመቈረጥ የሚያደርስ በሽታ ወደ መንደር ሲገባ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቁትና ለሌላው ሊያስረዱ የሚገባቸው ፊደል የቈጠሩ ሰዎች ናቸው።

ብዙ ሰዎች የስኳር በሽታ የከተማ ባለጸጎች በሽታ ነው ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጎንደሯ ሐኪም ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ገጠር የሚኖሩትን ሕሙማን መርምረው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ በድኻው ገበሬ ዘንድ መኖሩን፥ ከምግብ ማነስም ጋራ ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችል ገለጡ። በ2025ም ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋራ የተያያዘውን የስኳር በሽታ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለው። እንግዲህ ከሲታው ገበሬም «እኔን ስኳር አይነካኝም» ብሎ አይመካ።

፪. የስኳር በሽታ ምንድር ነው

የምንበላው እንጀራ፥ ዳቦና ቆሎ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት የሚባለው ብልት ደግሞ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ እርሱም ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት እንዲገባ በር ይከፍትለታል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ምልክቱም የውሃ ጥም፥ የሽንት መመላለስ፥ መክሳትና ድካም ነው። ሰው ሳይበላ አድሮ በማለዳ ሲመረመር፥ በ100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ የበለጠ ስኳር ሁለት ጊዜ ከተገኘበት የስኳር በሽታ አለበት ይባላል። ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1921 ተገኝቶ፥ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጠ።

፫. ነርቭ እንዴት ይጎዳል

ነርቭ ማለት በአንጎልና በሰውነት መካከል ወሬ የሚያመላልስ እንደ ስልክ ሽቦ ያለ ነገር ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ፥ ነርቭን ራሱንና ነርቭን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻል። ከሁሉ የሚረዝመው ነርቭ ወደ እግር ጣት የሚወርደው ስለ ሆነ ጉዳቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱን ያቃጥለዋል፥ በተለይም ሌሊት፤ ሌላውን እንደ ጉንዳን ይነዝረዋል፤ ብዙውን ግን ሳያመው ያደነዝዘዋል።

ክፉውም ይህ ነው። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነውና፥ ዘበኛው ከሞተ ሌባው ሳይታይ ይገባል። እሾህ ቢወጋው አያውቅም፤ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። በደጋው ብርድ እግሩን ወደ ምድጃ ዘርግቶ ሲሞቅ፥ ቆዳው ተቃጥሎ ሳለ እርሱ ዝም ብሎ ይጫወታል። ቍስሉም ያመረቅዛል፥ ወደ አጥንት ይደርሳል፤ መጨረሻው እግርን መቍረጥ ይሆናል።

፬. ዩሪክ አሲድ ምንድር ነው

የሰውነታችን ቅንጣቶች አርጅተው ሲፈርሱ፥ እንዲሁም ሥጋ፥ ይልቁንም ጉበትና ኩላሊት ስንበላ፥ ከፍርስራሹ ዩሪክ አሲድ የሚባል ዝቃጭ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ የሚያስወግደው ኩላሊት ነው፤ የቀረው በአንጀት በኩል ይወጣል። ሼሌ የሚባለው የስዊድን ሊቅ በ1776 ከፊኛ ጠጠር ውስጥ አገኘው፤ ጋሮድ የሚባለው የእንግሊዝ ሐኪምም በ1848 በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ በዝቶ መገኘቱን አስረዳ። በ100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ መሟሟቱን ትቶ እንደ መርፌ የሾለ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ይህም በመገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ሪህ ይሆናል። ሪህ አብዛኛውን ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በድንገት ያሳብጣል፥ ያቀላል፥ እጅግም ያሳምማል። የነርቭ መጎዳት ግን በዝግታ መጥቶ ያደነዝዛል። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

፭. የሁለቱ ግንኙነት

በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች፥ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ነርቫቸው የተጎዳው፥ ካልተጎዳው ይልቅ በአማካይ ብዙ ዩሪክ አሲድ በደማቸው እንዳለ አሳይተዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት ዩሪክ አሲድ ራሱ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች እያስቈጣ ነርቭን ይጎዳ ይሆናል ብለው ያስባሉ።

ነገር ግን አብሮ መገኘትና ምክንያት መሆን አንድ አይደሉም። ጎርፍ ሲመጣ ግንድ ይዞ ይመጣል፤ ጎርፉን ያመጣው ግን ግንዱ አይደለም። የስኳር በሽታ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ማስወጣት ይሳነዋል፤ ስለዚህ የነርቩ መጎዳትና የዩሪክ አሲዱ መብዛት ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም ስኳሩ እጅግ ከፍ ሲል ዩሪክ አሲድ ከሽንት ጋራ ስለሚወጣ፥ በደም ውስጥ ያለው ልኬት ዝቅ ብሎ ሊያታልል ይችላል። ምርመራዎቹም ሁሉ በአንድ ቃል አልተስማሙም። ስለዚህ ለነርቭ ጉዳት ብሎ ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት መዋጥ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። የልኬቱ ጥቅም ሐኪሙ ሪህንና የኩላሊትን ሁኔታ እንዲያስብ ማድረጉ ነው።

የተረጋገጠው ሌላ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ተደርጎ በ1993 በታተመው ታላቅ ምርመራ፥ በኢንሱሊን የሚታከሙ ሕሙማን ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቈጣጠሩ የነርቭ መጎዳት በመቶ 60 ያህል ቀነሰ። ገንዘብ ያነሰው ሰው እንግዲህ ገንዘቡን አስቀድሞ ለስኳሩ መድኃኒትና ምርመራ ያውለው።

፮. የእግር ሕመም ሁሉ ከስኳር አይደለም

ጓያ አብዝቶ መብላት እግርን ያስራል፤ በ1990 ዓ.ም ገደማ በወሎ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ጓያ ግን ጕልበትን ያሰናክላል እንጂ ስሜትን አያጠፋም። የሥጋ ደዌም ያደነዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ግን በቆዳ ላይ ቀለሙ የተለወጠ ስሜት የሌለው ምልክት ያሳያል፤ በመድኃኒትም ይድናል። ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዚህን በሽታ ሕሙማን ሲያክም የኖረ ነው። አረቄ ማብዛትም፥ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስም ነርቭን ይጎዳል፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለብዙ ዓመት የሚወስድ ሰው ይህ ቫይታሚን ሊያንሰው ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ።

፯. መምህራንና ሽማግሎች ሊያደርጉት የሚገባ

የእግርን ስሜት ያለ መሣሪያ መፈተን ይቻላል። ሕመምተኛው ጫማውን አውልቆ ዐይኑን ይጨፍን። እናንተም በሌባ ጣታችሁ ጫፍ፥ ሳትጫኑና ሳትጐነትሉ፥ የአውራ ጣቱን፥ የመካከለኛውንና የትንሹን ጣት ጫፍ በየተራ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ንኩ፤ በሁለቱም እግር ስድስት ጣት ይሆናል። ሲነካ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። ያልተሰማውን ጣት ደግማችሁ አትንኩ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷልና ወደ ጤና ጣቢያ፥ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይሂድ።

ስሜቱ የቀነሰበት ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ፦

1ኛ. በየማታው እግሩን ከላይም ከታችም፥ በጣቶቹም መካከል ይመልከት፤ ዐይኑ የደከመ እንደ ሆነ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይይለት።
2ኛ. በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ጫማውንም ሳያራግፍና ውስጡን በእጁ ሳይዳስስ አያጥልቅ።
3ኛ. እግሩን ወደ እሳት አያቅርብ፤ የሚታጠብበትንም ውሃ ሙቀት ሌላ ሰው በክንዱ ይለካለት።
4ኛ. ትንሽም ቍስል ብትሆን ሳይውል ሳያድር ያሳክም፤ ቅጠልና እበት አይለጥፍባት።
5ኛ. በጾም ወራት፥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፥ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ከመተው አስቀድሞ ከሐኪም ጋራ ይማከር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ደንዝዞ ዝም ያለ እግር ግን በሽታውን ከባለቤቱ ከራሱ ይደብቃል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊያይለት ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ይህን ትምህርት በክፍልም በሸንጎም አንብባችሁ አስረዱ።

ጥያቄ

1. የነርቭ መጎዳት ከእግር ጣት የሚጀምረው ስለ ምን ነው?
2. ሪህና የነርቭ መጎዳት በምን ይለያያሉ?
3. ዩሪክ አሲድ ከነርቭ መጎዳት ጋራ አብሮ መገኘቱ፥ ምክንያቱ እርሱ ነው ለማለት የማያበቃ ስለ ምንድር ነው?
4. በመንደራችሁ የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች እግሩ የተፈተነለት ማን ነው? ያልተፈተነለትስ?