ያው ቫይረስ፣ ሌላ ሆሄ

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አንዱ የጉሮሮ ካንሰር ታማሚ ታክሞ ዓመታት ይኖራል፤ ሌላው ያንኑ ሕክምና ወስዶ ቶሎ ያልፋል። ዕድል ብቻ ነው?

ጋሼ፦ በሽታው አንድ አይደለማ፣ ልጄ። ከማንቁርት የሚነሣው ሌላ ነው፤ ከቶንሲልና ከምላስ ሥር የሚነሣው ሌላ። የኋለኛውን ሲጋራና አልኮል ሊያመጡት ይችላሉ፤ በአሜሪካ ግን ዛሬ አብዛኛውን የሚያመጣው ኤችፒቪ ነው፣ ያው በማኅፀን በር ካንሰር የምናውቀው ቫይረስ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ323 ታማሚዎችን ዕጢ መርምሮ ነበር። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ከ100ው 82ቱ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ካልተገኘባቸው 57ቱ ብቻ። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የበሽታው ደረጃ አወጣጥ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ታዲያ ጥያቄሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ቫይረሱ እያለባቸው ያልተረፉት 18ቱስ?

ተማሪዋ፦ አጫሾች ይሆናሉ።

ጋሼ፦ ከፊሉ። በዚያው ጥናት ለብዙ ዓመት ያጨሱት ዕድላቸው አንሶ ታይቷል። ሲጋራ ግን ሁሉንም አይመልስም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ቫይረሱ ወደ ራሱ ዞሩ። ከነዚህ ካንሰሮች አብዛኞቹን የሚያመጣው 16ኛው ዓይነት ነው። የዘር ጽሑፉ 7,900 ገደማ ሆሄ ያላት ቀለበት ናት። የራሱ ገልባጭ ስለሌለው የሰውን ሴል ገልባጭ ይዋሳል፤ እሱ ደግሞ ጠንቃቃ ስለሆነ ቫይረሱ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ቢሆንም ይለወጣል። ለውጡ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። «ሀብት»ን በሐመሩ ሐ ብትጽፊው ንባቡ ያው ነው፤ «መጣ»ን «ወጣ» ብትዪው ግን ሰውየው ፊቱን አዞረ። በቫይረሱም ምንም የማያመጣ ለውጥ አለ፣ ነገር የሚገለብጥም አለ። ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉት ሁለት ጂኖች ሴሉን ከመጠን በላይ እንዳይባዛ የሚይዙትን ፕሮቲኖች ያሰናክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ቫይረሱን ከ5,000 በላይ ሴቶች ወስዶ ሲያነብ፣ ካንሰር በያዛቸው ሴቶች ላይ ኢ7 ከሞላ ጎደል ሳይነካ እንዳለ ቆይቶ ተገኘ። ካንሰሩ ያለዚያች ቃል አይቆምም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በጉሮሮ ካንሰር ላይ ይኸው ተሞከረ፤ የጥቂት ነጠላ ሆሄዎች ለውጥ ያለበት ቫይረስ የተገኘባቸው ታማሚዎች ከሌሎቹ ባጠረ ጊዜ ይሞቱ ነበር።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ወደ 8,000 ቦታ ከፈተሹ አንዳንዱ እንዲያው በአጋጣሚ ከሞት ጋር ይገጥማል እኮ!

ጋሼ፦ ልክ ነሽ፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። አጋጣሚውን በሒሳብ መቀነስ ይቻላል፤ ማጥፋት ግን አይቻልም። እውነተኛው ፈተና ሌሎች ሰዎች፣ በሌሎች ታማሚዎች ላይ፣ እነዚያኑ ሆሄዎች አስቀድመው ጠርተው ሲያገኟቸው ነው። ሌላም አለ። ቫይረሱ ሐረግ ሐረግ አለው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ቢ እና ሲ በብዛት የሚገኙት በአፍሪካ ነው፤ ይህ የጉሮሮ ጥናት ግን የተሠራው በአሜሪካ ነው። እዚያ ክፉ የተባለ ሆሄ እዚህ የሐረጉ መደበኛ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም የዚያን ጥናት ሠንጠረዥ እንዳለ ቢገለብጠው ሊሳሳት ይችላል።

ተማሪዋ፦ እንበልና ተረጋገጠ። ገሩ ቫይረስ ያለበት ታማሚ ለምን ቀለል ያለ ሕክምና አይሰጠውም? ጨረሩ አፍ ያደርቃል፣ መዋጥ ይከለክላል።

ጋሼ፦ ምኞቱ የሁሉም ነው፤ ተሞክሮም ነበር። ቫይረሱ ላለባቸው ታማሚዎች ከጨረሩ ጋር ሲስፕላቲን በተባለው መድኃኒት ፈንታ ቀለል ይላል የተባለውን ሌላ መድኃኒት፣ ሴቱክሲማብን፣ ሰጡ። በአሜሪካው ሙከራ ከ5 ዓመት በኋላ በሲስፕላቲን ከታከሙት ከ100ው 85 ገደማ፣ በሴቱክሲማብ ከታከሙት 78 ገደማ በሕይወት ነበሩ። በእንግሊዝ የተመራው ሙከራም ለሴቱክሲማብ አልፈረደም። ማን እንደሚተርፍ ማወቅና ለማን ምን መቀነስ እንደሚቻል ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚገኘው ታማሚዎችን በዕጣ መድቦ በማነጻጸር ብቻ ነው። የሆሄው ጥናት ገና የመጀመሪያው ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሙ ዕጢው ቫይረሱ እንዳለበትና እንደሌለበት ይጠይቃል፤ ቫይረሱ በየትኛው ሆሄ እንደተጻፈ ጠይቆ ግን መድኃኒት አይቀይርም።