ከመሬቱ ጀምሪ

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ስለ ሎስ አንጀለሱ ሰፈራችን ስለ ክሬንሾው ታሪክ ጽፈሽ አምጪ ተብያለሁ። ከየትኛው ዓመተ ምሕረት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከመሬቱ ጀምሪ፣ ልጄ። በስተምዕራብ የሚታየው ኮረብታ ማን ይባላል?

ወጣቷ፦ ቦልድዊን ሂልስ።

ጋሼ፦ በአካባቢው እ.ኤ.አ. በ1924 ነዳጅ ዘይት ተገኘ፤ ለአሥርተ ዓመታትም ተቀዳ። ከሥሩ ደግሞ የኒውፖርት ኢንግልውድ የመሬት ስንጥቅ ያልፋል። ከፍታ ለውኃ ማከፋፈያ ይመቻልና ከተማው እዚያው ላይ የውኃ ግድብ ሠራ።

ወጣቷ፦ በሚንቀሳቀስ መሬት ላይ?

ጋሼ፦ አዎ። መሬቱ ቀስ በቀስ ሲሰምጥና ሲንሸራተት ቆይቶ የግድቡን ወለል ሰነጠቀው። ዲሴምበር 14 ቀን 1963 ረፋዱ ላይ ጠባቂው ያልተለመደ የውኃ ድምፅ ሰማ። ፖሊሶች እየዞሩ ሕዝቡን ከቤቱ አስወጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ግድቡ ተደረመሰ፤ ጎርፉ በክሎቨርዴል ጎዳና ቁልቁል ወረደ። 5 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ። ዛሬ ኬነዝ ሃን መናፈሻ ውስጥ ያለው ጎድጓዳ የሣር ሜዳ ያኔ ውኃው የተኛበት ቦታ ነው።

ወጣቷ፦ እዚያ ሣር ላይ ስንጫወት ነው ያደግነው! ማንም አልነገረን።

ጋሼ፦ የአዲስ አበባም ታሪክ ያለ መሬቱ አይገባም። እንጦጦ ለጦር ይመች ነበር፤ ግን ብርዱ ከባድ ነው፣ ማገዶም ራቀ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ ቤት ያሠሩት ለዚህ ነው። ከታችም የማገዶ ችግሩ ተከተለ፤ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ሁሉ አስበው ነበር። ከተማውን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ለማገዶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሁሉን የሚወስነው መሬቱ ነው ልበል?

ጋሼ፦ እንዲያ ብለሽ እንዳትጽፊ! እዚህ ሰፈር ጥቁርና ጃፓናዊ ቤት እንዳይገዛ የከለከለው ኮረብታው አይደለም፤ ሰው በቤት ውል ላይ የጻፈው ቃል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ነው በብዛት የገቡት። ይህንንም ቢሆን ክልከላው ከየትኛው መንገድ እስከ የትኛው መንገድ እንደነበረ ካርታ ላይ ካላየሽው አይገባሽም።

ወጣቷ፦ ታዲያ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ቅዳሜ መናፈሻው ላይ ውጪ። ክሎቨርዴልን ከላይ ፈልጊና ቁልቁለቱን በእጅሽ ሣዪው። ከዚያ በ1963 እዚያ የኖረ ሰው አፈላልገሽ ጠይቂ። ያን ቀን ያዩ ሰዎች እያለቁ ነውና አትዘግዪ።